ጭማቂውን ማን ጠየቀ?

ማክሰኞ፣ ጥር 6

የሒሳብ ፈተና ነበር። ማለፌን እንጃ... ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ሆስፒታል። እህቴ ገና በር ላይ ስታየኝ፣ “ሸምበቆ መጣህ? ጣሪያውን እንዳትነካው!” አለች። ሳቋ ሳል ሆነ። ሳንባዋ አልሻል ብሏል።

ለነርሶቹ ሁሉ ስም አውጥታላቸዋለች። የቀኗ ነርስ “ነፋሷ” ናት። ገብታ፣ ሙቀት ለክታ፣ እልም።

“ሲስተር፣ ዛሬ እንዴት ናት?”

“ደህና ናት፣ አይዞህ።” ይህንንም ያለችው ጀርባዋን ሰጥታኝ ነው። ደህና ማለት ምን ማለት ነው?

ዓርብ፣ ጥር 9

ኦክስጅን አደረጉላት። እማ ኮሪደር ላይ ከሐኪሙ ጋር አወራችና ፊቷን ታጥባ መጣች።

“ምን አለሽ?”

“ምንም። አንተ ትምህርትህን ያዝ።”

ሰኞ፣ ጥር 12

ምን ብዬ ልጻፍ።

ኀሙስ፣ ጥር 15

ልጻፈው። ሰኞ ከሰዓት እማ ልብስ ልታመጣ ቤት ሄዳለች። እኔ የእህቴን እጅ ይዣለሁ። ነፋሷ ገባች። እሷን አየቻት፣ እኔን አየችኝ። “ጎበዝ፣ እስቲ ሮጥ በልና የብርቱካን ጭማቂ ግዛላት።”

ደስ አለኝ! ከቅዳሜ ጀምሮ ውሃ እንኳ አልወረደላትም። ጭማቂ ካማራት ተሽሏታል ማለት ነው ብዬ... ደረጃውን በሩጫ። ባለሱቁን “በጣም የቀዘቀዘ አይሁን፣ ለታማሚ ነው” ብዬ አስመረጥኩት።

ስመለስ መጋረጃው ተጋርዷል። እማ ቀድማኝ ደርሳለች። “የት ሄደህ ነው?” አለችኝ። ጠርሙሱን ይዤ ቆምኩ።

አሁን ፍሪጅ ውስጥ ነው። ማንም አይነካውም፣ ማንም አይጥለውም።

እሑድ፣ ጥር 18

ቤቱ ሰው በሰው። “በርታ፣ አንተ ወንድ ነህ።” ስንቱ አለኝ መሰለህ?

አጎቴ ትንሹ ወንድማችንን፣ ድንቡሼን፣ “እህትህ ሩቅ አገር ልትማር ሄደች” አለው። ድንቡሼ አልጋዋ ሥር አጎንብሶ አየ። ጫማዋ እዚያው ነው።

ረቡዕ፣ ጥር 28

ሆስፒታል ሄድኩ። ልጮህባት ነበር። መንገዱን ሁሉ ስድብ ስመርጥ... ነፋሷ የመድኃኒት ጋሪ እየገፋች መጣች። ስታየኝ ቆመች።

“ጭማቂውን ማን ጠየቀ?” ሌላው ሁሉ ጠፋኝ።

ጋሪውን ተወችው። አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ስትቀመጥ አይቻት አላውቅም።

“ማንም አልጠየቀም። ሰዓቷ እንደደረሰ አይቼ ነበር። ልጅ ነው፣ እንዳያይ ብዬ...”

“ወንድሟ ነኝ እኮ!”

“አዎ። ቁጭ አድርጌ ልነግርህ ይገባ ነበር። መቆየቱንም መውጣቱንም አንተ ትመርጥ ነበር። ቃል ቢቸግረኝ ጭማቂ አልኩህ። ይቅርታ።”

“ፈልጋኝ ነበር?”

አይዞህ አላለችም። “ዓይኗን ወደ በሩ አዞረች። ‘ሸምበቆ’ አለች። እየመጣ ነው አልኳት። እጇን ያዝኩላት። ብቻዋን አልነበረችም።”

አለቀስኩ። ከክፍል “ሲስተር!” ብለው ሲጠሯት እንኳ አልተነሳችም። “አንዴ ቆዩኝ፣ ሰው ይዣለሁ።”

ንዴቴ አልወጣልኝም። ግን አሁን አውቃለሁ። ማወቁ ያማል። አለማወቁ ደግሞ... ሰው ያሳብዳል።

ቅዳሜ፣ የካቲት 1

ድንቡሼ ጫማዋን ታቅፎ ሳሎን መጣ። “ሩቅ አገር በባዶ እግሯ ነው የሄደችው?”

አጎቴ፣ “ና የኔ አንበሳ፣ ከረሜላ ልግዛልህ” አለና ተነሳ። ከረሜላ!

“አጎቴ፣ ቆይ።”

መሬት ቁጭ አልኩ፣ ፊቴ ከፊቱ እኩል እስኪሆን። “ልትማር አልሄደችም። በጣም ታማ ነበር። ሐኪሞቹ ሊያድኗት ሞከሩ፣ አልቻሉም። ሞተች።”

“ነገ ትመጣለች?”

“አትመጣም።”

“ከነገ ወዲያስ?”

“አትመጣም።”

አይዞህ አፌ ላይ ደረሰ፣ ዋጥኩት። ጠበቅኩት። ጫማውን ጎን ለጎን አስተካክሎ አስቀመጠና ጭኔ ላይ ወጣ። ያኔ ነው ያለቀሰው።

እማ በር ላይ ቆማ ነበር ለካ። ድንቡሼ እንቅልፍ ሲወስደው ፍሪጁን ከፍታ ጠርሙሱን አወጣች። ለረጅም ጊዜ አየችው።

“ያን ቀን ለምን እንደሄድክ ሳልጠይቅህ...” አለች።

“ተቀመጪ እማ። ልንገርሽ።”