ባለቤቴን ሁለተኛ ጊዜ ስለ ቀበረው አንቀጽ

ለክቡር ኦቦ ሚልኬሳ፣ የከተማችን የቦታ ዝግጅት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤
ባሉበት፤ ከሌሉም ስብሰባ ባሉበት።

ክቡርነትዎ፣ አከም ጅርቱ? እርስዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ባልደረቦችዎ፣ ከሁሉም በላይ ያ ክብ ማኅተምዎ እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ ጌታ ይመስገን ደህና ነኝ። ዕድሜዬ ስድሳ ስምንት፣ ትምህርቴ እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው፤ ዓይኔ በመነጽር ያነባል። ይህንን አስቀድሜ የምገልጸው ጥፋቱን ወደ ዓይኔ ለማዞር በከንቱ እንዳይደክሙ ብዬ ነው።

ጉዳዬን ከላይ አስቀምጣለሁ። ባለቤቴን ጣቢታ አመዩን ከተቀበረችበት አንሥታችሁ ወዴት እንደ ወሰዳችኋት አላውቅም፤ ንገሩኝ። የቀረው ሁሉ ማብራሪያ ነው፤ ከቸኮሉ እዚህ ላይ ሊያቆሙ ይችላሉ። ይህን ዕድል ጽሕፈት ቤትዎ ለእኔ አልሰጠኝም ነበር።

ባለፈው ኅዳር ሁለት ገጽ ደብዳቤ ልካችሁልኛል። በኦሮምኛም በአማርኛም ስለ ነበረ አመሰግናለሁ፤ በሁለቱም ቋንቋ ከመጀመሪያው ቃል እስከ ፊርማዎ አንድ አንቀጽ ብቻ ነበርና አድልዎ አልፈጸማችሁም። «ጉዳዩ» በሚለው ቦታ «መረጃ ስለ መስጠት» ይላል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ከተማችን ዕድገት፣ ስለ ወጣቶች ሥራ፣ ባለሙያዎቻችሁ ለልምድ ልውውጥ ሐሮ ወንጪ ሐይቅ ስለ መውረዳቸው፣ ስለ ተሳፈሩበት ጀልባ ሳይቀር ተረዳሁ። ራሴን ስለማላምን፣ በአጥራችሁ ሥር ጠረጴዛ ዘርግቶ ለሕዝቡ ማመልከቻ ለሚጽፈው ለአቶ ይገዙ ወሰድኩለት። እርሱም አንደኛውን ገጽ በጣቱ እየተከተለ ጨርሶ፣ ሁለተኛውን ገልበጥ አድርጎ ማኅተሙን አይቶ፣ «ጋሽ ሌታ፣ ምስጋና ነው፤ ማስቀመጥ ነው እንጂ ምንም የሚያስሮጥ የለውም» አለኝ። አስቀመጥኩት፤ መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ።

ጥር ላይ፣ ጣቢታ ያረፈችበት ቀን በዓመቱ ሲደርስ፣ እንደ ልማዴ ልጸልይ ወደ መቃብሯ ሄድኩ። አጥሩ የለም። ስሟ ያለበት ድንጋይ የለም። መሬቱ በማሽን ተደልድሎ የጎማ ዱካ ብቻ ቀርቶበታል። ቤቴ ተመልሼ ደብዳቤውን አወጣሁ፤ አሁን የምፈልገውን ስለማውቅ አገኘሁት። ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ ከጀልባው በኋላ፣ ከጽዳት ዘመቻው በፊት፦ «እስከ ታኅሣሥ 12 ድረስ አፅም ያላነሡ ቤተሰቦች ቢኖሩ ጽሕፈት ቤቱ በራሱ የሚያነሣ መሆኑ እየታወቀ…» ይልና ወደ መጥረጊያው ያልፋል። እየታወቀ! ማን እንዳወቀ ግን አይናገርም።

ስለዚህ ቅሬታዎቼን በትሕትና እዘረዝራለሁ።

1ኛ. ጣቢታ የጎጆ ከተማ ልጅ ነበረች፤ ድንች ትነግድ ነበር። የዘሩን ለብቻ፣ የሚቀቀለውን ለብቻ ትለይ ነበር፤ በአንድ ጆንያ አንድ ዓይነት። ትልልቁን አፉ ላይ ደርድረው ኮሳሳውን ከሥር የሚደብቁትን ስታይ፣ «አፉ ላይ ያለው ስለ ሆዱ ይመስክር» ትል ነበር። ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠችም። እናንተ ግን ከነዲግሪያችሁ ዕድገቱንም፣ ጀልባውንም፣ መጥረጊያውንም፣ ሚስቴንም በአንድ ጆንያ ከታችሁ አፉ ላይ «መረጃ» ብላችሁ ሰፋችሁት።

2ኛ. ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ መምህራችን አንድ አንቀጽ አንድ ዋና ሐሳብ እንደሚይዝ፣ ያንን የሚሸከመው ዓረፍተ ነገር ኃይለ ቃል እንደሚባል፣ የቀሩት ዓረፍተ ነገሮች እርሱን ለማስረዳት ብቻ እንደሚቆሙ፣ ሐሳብ ሲለወጥም መስመር ወርዶ ገባ ብሎ መጀመር እንደሚገባ አስተምሮን ነበር። ያቺ የጣት ስፋት ባዶ ቦታ ኮሚቴ የማትፈልግ፣ በጀት የማትጠይቅ፣ ማንም የማይመርቃት ትንሽ ነገር ናት፤ የተዋችኋትም ለዚህ ይመስለኛል።

3ኛ. በአገራችን መርዶ ነጋሪ ማለዳ ጎረቤት አስከትሎ ይመጣል፤ ማን እንደ ሞተ ይናገራል፤ ከዚያም ከሐዘንተኛው ጋር ይቀመጣል። ስለ ጽዳት ጀምሮ፣ «ወንድምህም መሞቱ እየታወቀ» ብሎ፣ ስለ ጀልባ የሚቀጥል መርዶ ነጋሪ ቢገኝ መንደሩ ዳግመኛ አይልከውም። እናንተ ግን ግልባጭ ለሰባት መሥሪያ ቤት ታደርጉለታላችሁ።

4ኛ. መጥቼ ስጠይቅ መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ፣ «አባባ፣ በደብዳቤው ተገልጿል እኮ! ፈርመው ተቀብለዋል» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ፈርሜያለሁ። የት እንደ ተወሰደች በጽሑፍ ጠየቅኩ። ሦስት ገጽ መለሳችሁልኝ፤ አሁንም አንድ አንቀጽ። አፅሙ «በተገቢው አካል፣ በተገቢው ክብር፣ ወደ ተገቢው ቦታ» መዛወሩን ይገልጻል። «ተገቢው ቦታ»ን ከጭልሞ ጫካ ጥግ እስከ አምቦ ጠይቄያለሁ፤ የባጃጅ ሾፌሮችም አያውቁትም።

ክቡርነትዎ፣ ሰው ላይ ጣቴን ስቀስር ራሴን ሳልመረምር እንዳላድር ጌታ ያስተምረኛል። ጣቢታ የታመመች ጊዜ ጤና ጣቢያ ወስጃት ለተረኛው ነርስ ስለ መንገዱ ክፋት ነገርኩት፤ ስለ ዝናቡ ነገርኩት፤ እንቅልፍ ስለ ማጣታችን፣ ስለ ሆዷ፣ ስለ ምግቡ ነገርኩት። መተንፈስ እያቃታት መሆኑን የተናገርኩት መጨረሻ ላይ ነው። ነርሱ ብዕሩን ጥሎ እየሮጠ፣ «ኧረ አባባ፣ ይሄን ምነው አስቀድመው ቢነግሩኝ!» አለኝ። ቀድሜ ብናገር ትተርፍ ነበር ወይ? አላውቅም፤ በየማታው እጠይቃለሁ። ስለዚህ ኃጢአታችን አንድ ዓይነት ነው። ልዩነቱ፣ እኔ ፈርቼ ነበር የተደናበርኩት፤ እናንተ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ፣ ቃል በቃል አስተይባችሁ፣ ማኅተም መታችሁበት። እኔ ንስሐ ገብቻለሁ፤ እናንተ ፋይል አደረጋችሁት።

ብዙ ሥራ እንዳለብዎ ስለማውቅ መልሱን አቅልዬልዎታለሁ። አዲስ ደብዳቤ መጻፍ አያስፈልግዎትም፤ ኃይለ ቃሉን እኔው ጽፌዋለሁ፣ ክፍት ቦታውን ብቻ ይሙሉልኝ፦

ጣቢታ አመዩ አሁን ያለችው ____________ ነው።

ከዚያ በኋላ ስለ ጀልባው የፈለጉትን ያህል ይቀጥሉ፤ ቁጭ ብዬ አነባለሁ።

ስለ ትዕግሥትዎ፣ ስለ ማኅተምዎ ጥራት፣ ስለ ወረቀቱም ንጣት እግዚአብሔር ይስጥልኝ እያልኩ፣ በጽሑፍዎ ውስጥ ሚስቱን በጣቱ ሲፈልግ የከረመ፣ ዛሬም መነጽሩን ያላወለቀ፣

ታዛዥዎ
ሌታ ሞሲሳ

ድኅረ ማስታወሻ፦ ክፍት ቦታው ጠበበ ብለው እንዳይቸገሩ። የየትኛውም መቃብር ስም ይበቃዋል። «አናውቅም» የሚለው ቃልም ይገባበታል፤ ለክቼዋለሁ።