ሽፋኑ ላይ ያለው ስም

ጥር 4፣ ሰኞ

በአላህና በዚህ እስክሪብቶ ፊት ቆሜ አምናለሁ፦ ይህ ደብተር ሽፋኑ ላይ የኔ ስም የለበትም። በትልቁ «ዝናሽ» ብዬ ጽፌበታለሁ። የአስተማሪ ደብተር ማንም ደፍሮ አይከፍትም። እናቴም ጭምር።

ቲቸር ዝናሽ የስደተኞቹን ክፍል ያስተምራሉ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መነጽራቸውን ይፈልጋሉ። አረማመዳቸውን ሳስመስል ያዙኝ... ቅጣቴ ከሰዓት ከሰዓት ሶማሊኛ እየተረጎምኩ እሳቸውን ማገዝ ሆነ።

የሰጡኝ ናሲሞን ነው። አሥራ አምስት ዓመቷ፣ እንደኔው። ከድንበር ማዶ ከመጣች አምስት ወሯ። ከቁርአን ቤት በቀር ትምህርት ቤት አታውቅም። ጥር 21 ትፈተናለች። ማንበብ ካቃታት አንደኛ ክፍል፣ ከሰባት ዓመት ልጆች ጋር። አጎቷ ቡራሌ ደግሞ «ከሕፃን ጋር ከምትቀመጥ ሳቢያን ሰፈር ሱቄ ውስጥ ትቀመጥ» ብሏል። አለቀ።

ጥር 14

አነበበች! ገጽ ዘጠኝን፣ አንዴም ሳትደናቀፍ። አስተማሪ ነኝ አቦ! ቲቸር ዝናሽ ሠላሳ ዓመት ምን ሲሠሩ ነበር?

ጥር 18

ወይኔ።

ዛሬ ተሳስቼ ገጽ አሥራ አንድን ገለጥኩላት። እሷ ጣቷን መስመር በመስመር እያስኬደች... ገጽ ዘጠኝን «ታነባለች»። መሃል ላይ ቆም ብላ ሳለች። የኔን ሳል! ያኔ ሳነብላት ጉንፋን ይዞኝ ነበር።

«ናሲሞ፣ ይሄ ምን ይላል?»

«አንቺ ያልሽውን።»

«ፊደሉስ?»

«ቁርአን ቤት መጀመሪያ በጆሮ ነው የያዝነው። ዓይን ኋላ ይመጣል ብለውን ነበር። የኔ ገና አልመጣም፣ ዋላል።» እህቴ ማለቷ ነው።

ሦስት ቀን ቀረን። ሦስት!

ጥር 20

ፊደል በፊደል፣ በረንዳው ላይ በጠመኔ። «ሸ» ስትይዝ «ለ» ይጠፋታል። አለቀሰች። እኔ ሽንት ቤት ገባሁ... ዓይኔ አቧራ ገብቶበት ነው። ለቲቸር ልንገራቸው? ቅጣት ይጨምሩብኛል ብዬ ዝም አልኩ። ይህን ያህል ፈሪ ነበርኩ?

ጥር 21

ያላየችውን ገጽ ሰጧት። አንድ ቃል አልወጣትም። ቲቸር ዝናሽ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው አዩ። እሷን ሳይሆን እኔን። አሥራ አራት ቀን የራሴን ድምፅ ነው ያስተማርኳት።

ጥር 22፣ ዓርብ

አጎቷ ሊወስዳት መጣ። ውስጥ ከቲቸር ጋር ናቸው። «እኔ ድሮም ብያለሁ!» ይላል። እኛ ኮሪደሩ ላይ። መጽሐፉን መልሳለች። ፊቷን እንዳላይ ደብተሩን ጉልበቴ ላይ አቁሜ እጽፋለሁ። ምን ልበላት? ይቅርታ በሶማሊኛም በአማርኛም አነሰብኝ።

ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ዱዓ ነው?... አይደለም። የደብተሬን ሽፋን ነው የምታየው።

«ዝ...»

ይህን ማንም አላነበበላትም። እኔም።

«...ና...»

አልሳልኩም። አልተነፈስኩም።

«...ሽ። ዝናሽ!»

ውስጥ ጭቅጭቁ ቆመ። በሩ ተከፈተ። እሷ ጣቷን ሽፋኑ ላይ ተክላ፣ ዓይኗ ፈጦ፦

«ኢፍራህ! የቲቸርን ደብተር ሰረቅሽ እንዴ?!»