የሞቀችው ዘንግ

ውድ ፕሮፌሰር ሺገማትሱ፣

እኔ ፊደል እንዳልቆጠርኩ ታውቃለህ፤ የምትጽፍልኝ ጎረቤቴ ኪኑዬ ናት። «ፕሮፌሰር አንተ ይባላል እንዴ፣ አንቱ ሽማግሌ?» ብላ ተቆጣችኝ። «እኔ የማውቀው እርጥብ ካልሲውን ምድጃዬ ላይ ያደረቀውን ልጅ ነው፤ ዝም ብለሽ ጻፊ» አልኳት።

ቤተ ሙከራህ ተዘጋ አሉ። አሥራ ስድስት ዓመት! መጀመሪያ የመጣህ ቀን «ጋሽ ኑካጋ፣ ፓላዲየም የሚባለው ብረት ሃይድሮጂን የሚባል ጋዝ ጠጥቶ ሲጠግብ፣ ውስጡ አቶሞች ይዋሃዳሉ፤ ያለ ጭስ ሙቀት ይወጣል» አልከኝ። «ሰካራም ብረት በለኛ!» አልኩህ። በሰንዳይ ከተማ ከእኔ የተሻለ ብረት ቀጥቃጭ ስላልነበረ፣ ዘንጎቹን እኔው ሠራሁልህ።

ከአርባዎቹ ዘንጎች ሦስተኛዋ ብቻ ሞቀች፤ ዘጠኝ ቀን ሙሉ። የሳኬ መጠጥ ጠርሙስ ይዘህ እየሮጥክ መጣህ። ሌሎቹ ግን እንደ በረዶ ቀዘቀዙ። ባልደረቦችህ «መለኪያህ ተበላሽቶ ነው» እያሉ ሳቁብህ። መጥተህ «ጋሼ፣ በሦስተኛዋ ላይ የተለየ ያደረጉት ነገር ነበር?» ብለህ ጠየቅከኝ።

«የኑካጋ ሥራ ሁሌም አንድ ነው!» ብዬ ጮህኩብህ። ጎንበስ ብለህ ይቅርታ ጠየቅከኝ። አንተ፣ እኔን!

ዋሽቼህ ነበር። ሦስተኛዋ ስቀጠቅጣት ተሰነጠቀችብኝ። በሃምሳ ዓመት ሥራዬ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶብኝ አያውቅም፤ አፈርኩ። ማንም ሳያይ፣ የብር መበየጃ በማቀልጥበት ቆሻሻ የሸክላ ማቅለጫ መልሼ አቀለጥኳት። ምን እንደገባባት አላውቅም። ወልውዬ ሰጠሁህ። ከዚያ ወዲህ የሰጠሁህ ሁሉ እንከን የለውም፤ በዚህ ስኮራ ኖርኩ።

ያሞቃት ቆሻሻው ይሁን የመለኪያህ ስህተት፣ እኔ አላውቅም። አንተ ግን ማወቅ ትችል ነበር፤ የከለከልኩህ እኔ ነኝ። ደክሞኛል፤ ይህን ተሸክሜ መሞት አልፈልግም።

መለኪያውን ቤትህ ወስደህ አሁን ለቆራሌው ልትሰጠው ነው ሲሉ ሰማሁ። እንዳትሰጥ! ከመለስክልኝ ቀዝቃዛ ዘንጎች አንዷን ትናንት ሆን ብዬ ሰነጠቅኳት፤ በዚያው ሸክላ አቀለጥኳት። አስቀያሚ ናት። ከደብዳቤው ጋር ልኬልሃለሁ።

ከሞቀች መጥተህ ስደበኝ። ካልሞቀችም ና። ይቅር ብዬዎታለሁ ብለህ ግን እንዳትጽፍልኝ፤ የምታነብልኝ ኪኑዬ ናት፣ እሷ ፊት ማልቀስ አልፈልግም።

በፊርማ ፈንታ ማኅተሜን በገዛ እጄ መትቻለሁ፣
ብረት ቀጥቃጩ ኑካጋ ቶኩዞ