ልብ የተሣለበት ብልቃጥ

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ ለሚርያም፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ እታለም፣ እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ ተሻለሽ? የጣልያን ብርድ እንዴት ይዞሻል? የምታስታምሚያቸው ሴትዮስ ደኅና ናቸው? እኛ በቁማችን አለን፤ ደኅና ነን ብዬ ልጽፍልሽ ግን እጄ እንቢ አለኝ። እህታችን ረድኤት መታመሟን በስልክ ሰምተሻል፤ እንዴት እንደታመመች ግን የነገረሽ የለም።

ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያዘዘችኝ እማ ናት። ያንን የልብ መድኃኒት ሌላ ብልቃጥ እንድትልኪ ንገራት ብላኛለች። እኔ ደግሞ የምጽፍልሽ እንዳትልኪ ነው። ምክንያቱን እስክጨርስ ታገሺኝ።

ረድኤት በልጅነቷ በያዛት የጉሮሮ በሽታ ጦስ የልቧ በር መጥበቡን፣ ደሟ እንዳይረጋም በየቀኑ ኪኒን እንደምትውጥ ታውቂያለሽ። ሐኪሙ ጎመን ሲበዛ ኪኒኑን ስለሚያደክመው መጠኑን ሳትለዋውጥ ትብላ ቢል፣ እማ መጠን የሚባል ነገር ስለማይሆንላት ጎመኑን ከጓሮ ነቅላ ጣለችው። እኛ ቤት ጎመን ከተቀቀለ ስንት ዓመቱ። አባባ እስከ ዛሬ ያጉረመርማል።

አንቺ፣ ሴትዮዋ የሚወስዱትን አይተሽ፣ በሚሽኑ ሲስተር እጅ የላክሽው ብልቃጥ ሐምሌ ላይ ደረሰ። ጽሑፉን ያነበበው የለም፤ ቀይ ልብ ተሥሎበታል፣ ለእማ ይኸው በቂ ነበር። እኔ የክረምት ተማሪዎችን ለማስተማር ሶዶ ስለምከርም አላየሁትም። እማ በየጠዋቱ በእጇ አጎረሰቻት። ደግሞ መጀመሪያ ላይ ረድኤት በረታች፤ ዳገቱን ሳታርፍ ወጥታ ቤተ ክርስቲያን ደረሰች። እማ ይህን ያልነገረችው ጎረቤት የለም። የዘመን መለወጫችን ጊፋታ አልፎ ብዙም ሳይቆይ ልጅቱ ጓሮ ወደቀች። የረጋ ደም ወደ ጭንቅላቷ ሄዶ ነው። ቀኝ ጎኗ አይታዘዛትም፣ አንደበቷም ተይዟል።

ሐኪሙ አዲስ ነገር ወስዳ እንደሆነ ሲጠይቀኝ ብልቃጡን ወስጄ አሳየሁት። ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ፣ ይህ ሊሆን ይችላል፣ ነው ብዬ ግን አልምልም አለኝ። እኔም ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን መጽሐፍ ሁሉ ሳገላብጥ ሰነበትኩ። መቼም መምህር ነኝና ሳላስረዳሽ አላልፍም። ብልቃጡ ውስጥ ያለውን ኮኤንዛይም ይሉታል፤ የገዛ አካላችን የሚሠራው ነገር ነው። ምግብ በሕዋሳችን ውስጥ ጉልበት እስኪሆን ድረስ፣ ቤት ሲሠራ ጭቃ እንደሚያቀባብል ሰው፣ ከአንዱ ተቀብሎ ለሌላው ያቀብላል። የአካላችን ስብም አየር እንደነካው ቅቤ እንዳይበላሽ ይጠብቃል። ልብ ዕረፍት ስለሌላት ብዙ ትፈልጋለች፤ ሰው ሲያረጅ ግን እየቀነሰ ይሄዳል። የደከመ ልብ ያግዛል የሚሉ ሐኪሞች አሉ፤ ገና በደንብ አልተረጋገጠም የሚሉም አሉ። ስለዚህ ሴትዮዋን ጠቅሟቸው ይሆናል፤ ያየሽው ውሸት አይደለም። ነገር ግን አሠራሩ ጎመን ውስጥ ያለውን፣ ደም የሚያረጋውን ቫይታሚን ይመስላል፤ የረድኤትን ኪኒን ሊያደክመው ይችላል። ከጓሯችን የነቀልነው ነገር በብልቃጥ ተመልሶ ገባ ማለት ነው።

እማ ግን ጥፋተኛዋን አግኝታለች። ለጊፋታ ጎረቤታችን እትዬ ፈጠነች ቤት ተጠርተው፣ ለረድኤት ከሥጋው ጋር ጎመን ያቀረበችላት እሷ ናት። ከዚያ ወዲህ እማ ሰላምታ ነሳቻት። ለበሽተኛዋ ያመጣችውን ወተት ከደጅ መለሰችባት። አንቺ ስትወለጂ ውኃ ያሞቀች ሴት አሁን ቤተ ክርስቲያን ከሁሉ ኋላ ተቀምጣ ታለቅሳለች። ሐኪሙ አንድ ሰሃን ጎመን ይህን አያደርግም ብሏል ብላት እማ አልሰማችኝም።

ባለፈው ቅዳሜ ረድኤት አጠገብ ተቀምጬ ሳለ አንድ ነገር ልትነግረኝ ብዙ ታገለች። ጆሮዬን አስጠጋሁ።

«ጎመኑን አልበላሁም» ነው ያለችኝ።

ፈጠነችን ላለማሳፈር ተቀብላ፣ አጠገቧ ለተቀመጡት አሮጊት አሳልፋው ኖሯል። አሁን ጭንቄ ይገባሻል። ይህን ለእማ ብነግራት፣ ታዲያ የጣላት ምንድን ነው ትለኛለች። ዝም ብል ደግሞ ፈጠነች ባልሠራችው ትቀጣለች።

እስከዚህ ያለውን ዓርብ ጽፌ አቋርጬው ነበር። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ለእማ ነገርኳት። እንደፈራሁትም ጠየቀችኝ። እውነት ለመናገር፣ ዋሽቼ ላልፍ አስቤ ነበር። እኔ ሳልመልስላት ግን ዐይኗ ብልቃጡ ወደነበረበት መደርደሪያ ሄደ። አልጮኸችም። ነጠላዋን አንሥታ ወጣችና እትዬ ፈጠነችን እጇን ይዛ አመጣቻት። ታረቁ ብዬ ደስ አለኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን እማ ረድኤትን አታጎርሳትም። ገንፎውን ታገነፋለች፣ ታበርዳለች፣ ሳህኑን ለፈጠነች ትሰጥና ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ረድኤት በደኅናው እጇ ቀሚሷን ብትጎትታትም አትዞርም።

እታለም፣ አታልቅሺ ልልሽ አልችልም፤ እኔም አልቻልኩም። ሴትዮዋ ሲበረቱ አይተሽ ለእህትሽ በፍቅር ያደረግሽው ነውና አልፈርድብሽም። የምለምንሽ አንድ ነገር ነው፤ መልስሽን በደብዳቤ አታድርጊው። ሚሽኑ ጋ ደውለሽ እማን አስጠሪያት። የላክሁት እኔ ነኝ፣ አንቺ አላወቅሽም፣ እኔም አላወቅሁም በያት። እኔ አላወቅሽም ብያት እንቢ ብላኛለች።

አባባ አንጁሎ ጉንጭሽን ይስማል፤ ለጉልበቱ የላክሽለትን ቅባት ግን፣ ይቅር በይውና፣ መንካት ፈርቷል። እትዬ ፈጠነች፣ እኔ ቂም የለኝም፣ ልጄ አትዘን ብላለች። ረድኤት ስምሽን መጥራት ስለከበዳት በግራ እጇ ወረቀቱን ነክታዋለች። እማ ሌላ ብልቃጥ ይላክ ያለችውን ቃል ትታለች። ለሚርያም ምን ብዬ ልጻፍልሽ ብላት፣ እጆቿን ጭኗ ላይ ዘርግታ አየቻቸው።

ወንድምሽ ዮሴፍ
ዱቦ፣ ኅዳር 14 ቀን 1998 ዓ.ም.