ለውሻ ንክሻ ሥር አልሰጥም ያሉት የወይዘሮ ጀማነሽ ወዳጆ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ጀማነሽ ወዳጆ ከአባታቸው ከአቶ ወዳጆ ገብሬና ከእናታቸው ከወይዘሮ አልጋነሽ ተክሌ በ1943 ዓ.ም. በመርሐቤቴ ተወለዱ። አባታቸው በአካባቢው የታወቁ መድኃኒት አዋቂ ስለነበሩ፣ ጀማነሽ ፊደል ከመቁጠራቸው በፊት ቅጠል መለየት ተምረዋል። ቅጠል የተሳሳቱ ዕለት አባታቸው በአርጩሜ ጀርባቸውን ይተለትሏቸው ነበር። "እኔ ትምህርቴን ቆዳዬ ላይ ነው የጻፍኩት" እያሉ ጠባሳውን ለእኛ ለልጆቻቸው ያሳዩን ነበር።

አሥር ዓመት ሲሞላቸው ቂርቆስ ወደሚኖሩት አክስታቸው መጥተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። በ1962 ዓ.ም. በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በመዝገብ ቤት ሠራተኛነት ተቀጥረው ለሠላሳ ሁለት ዓመታት አገልግለዋል። በ1964 ዓ.ም. ከሾፌሩ ከአቶ ታዲዎስ ማዕረግ ጋር ጋብቻ መሥርተው ካዛንቺስ ጎጆ ወጡ፤ ዳናይትንና ማሙሽንም አፈሩ።

ከሥራ ሲመለሱ በራቸው ላይ ሁልጊዜ ሰው ይጠብቃቸው ነበር። የእጅና የእግር ኪንታሮትን፣ ዙሪያውን በቅቤ ጋርደው፣ በቅንጭብ ወተት ነጥብ በነጥብ ያቃጥሉት ነበር። የሚደማውንና የሚጠቁረውን ግን አይነኩም፤ ወደ ሐኪም ይልካሉ። ሰው ሲያመሰግናቸው "ኪንታሮት ብዙውን ጊዜ በራሱ ጊዜ የሚሄድ እንግዳ ነው፤ እኔ ሸኚው ነኝ" ይሉ ነበር። ከአባታቸው የወረሱት ሌላም መድኃኒት ነበራቸው፤ እብድ ውሻ ለነከሰው ሰው በወተት የሚጠጣ ሥር። ጠጥተው ዳኑ የተባሉ ብዙዎች ነበሩ። የነከሳቸው ውሻ ሁሉ እብድ እንዳልነበረ እናታችን የተረዱት በኋላ ነው።

ቀጥሎ ያለው እንዲቀር የለመኑን ዘመዶች አሉ። እናታችን ግን "የኪዱን ነገር ሳታነቡ አፈር እንዳታለብሱኝ" ብለው ስላዘዙን እናነበዋለን።

በ1985 ዓ.ም. ታናሽ ወንድማቸው ኪዱ ወዳጆ ከሚሠራበት ከቄራ ሲመለስ ውሻ ባቱን ዘነጠለው። ኪዱ ክትባት ሊሄድ ተነሥቶ ነበር። "እኔ እያለሁልህ ለመርፌ ሆድህን ትሰጣለህ?" ብለው ያስቀሩት እርሳቸው ናቸው። ሰባት ቀን ሥሩን አጠጡት፤ ቁስሉም ደረቀ። በአርባ ሦስተኛው ቀን ኪዱ ውሃ ሲያይ ጉሮሮው ይተናነቅ፣ ሰውነቱ ይንዘፈዘፍ ጀመር። የራሱን ክንድ ነከሰ፤ የባለቤቱንም ፊት ቧጠጠ። አራት ወንዶች ታግለው ከአልጋው ጋር በገመድ አሰሩት። ልቡናው ሲመለስለት "ጀሚዬ፣ ልጆቼን ከፊቴ አርቂልኝ፤ እንዳልጎዳቸው" ይላቸው ነበር እናታችንን። በሦስተኛው ቀን ገመዱ እጁን ቆርጦት እንደታሰረ ሞተ። ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነበር።

ወይዘሮ ጀማነሽ በሣልስቱ ድንኳኑ መካከል ቆመው "ወንድሜን የበላው ውሻ ብቻ አይደለም፤ እኔም ነኝ" አሉ። ከዚያም ወደ ቤት ገብተው የሥሩን ማሰሮ በዘነዘና ሰባበሩት። እናታቸው ወይዘሮ አልጋነሽ ከዚያ ቀን ጀምሮ ለአራት ዓመት አላነጋገሯቸውም።

በ1988 ዓ.ም. ፊሮምሳ ለታ የተባለ የቄራ ሥጋ ቆራጭ እጁን ውሻ ነክሶት ካዛንቺስ ድረስ መጣ። ወይዘሮ ጀማነሽ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ ደጋግመው አጠቡለትና "አሁኑኑ ክትባት ሂድ" አሉት። እርሱ ግን ሥሩን ካልሰጡኝ አለ። የለኝም ቢሉት አላመነም፤ ለሌላው ሰጥተው ለእርሱ የከለከሉት መሰለው። ካራውን ከወገቡ መዝዞ ሰነዘረ። በግራ እጃቸው ቢመክቱት እስከ አጥንቱ ዘለቀ፤ ሁለት ጣቶቻቸው ከዚያ ወዲህ አልታጠፉም።

ጩኸቱን የሰማው ጎረቤት ግር ብሎ ወጣ። ፊሮምሳን በዱላና በድንጋይ መትተው ከመሬት ሲጥሉት፣ እናታችን ደማቸው እየወረደ ላዩ ላይ ተደፉበትና "አትግደሉት! ገና መርፌውን አልተወጋም!" ብለው ጮኹ። አንድ ድንጋይ የእርሳቸውን ትከሻ አገኘው። የጎረቤታቸው የወይዘሮ ጀሚላ ባለቤት ሁለቱን በአንድ መኪና ጭነው ሐኪም ቤት ወሰዷቸው። እናታችን እጃቸው በነጠላ እንደተጠቀለለ፣ ፊሮምሳ የመጀመሪያውን መርፌ ሲወጋ ሳያዩ ለመሰፋት እምቢ አሉ። ፖሊስም ሲጠይቃቸው "መርፌውን ከጨረሰ ክስ የለኝም፤ ካቋረጠ እሰሩልኝ" አሉ። ከሁለት ሳምንት በላይ በየቀኑ ሆዱ ላይ ሲወጋ፣ እጃቸውን በአንገታቸው አንጠልጥለው አብረው ተመላልሰዋል። ፊሮምሳ ተረፈ።

ከዚያ በኋላ ሥር ፍለጋ የመጣ ሁሉ ቁጣቸውን ቀምሷል። የሚያመነታውን በኮሌታው ጎትተው ታክሲ ውስጥ ይወረውሩት ነበር፤ አንድ የቢሮ አለቃቸውን ሳይቀር በጥፊ መትተዋል። በ1999 ዓ.ም. የውሻ መድኃኒት በየጠርሙሱ ይሸጥ የነበረ አንድ አዋቂ ነኝ ባይ ቤት ገብተው መደርደሪያውን በዱላ አወደሙ። ሰውየው በርጩማ ወርውሮ ግንባራቸውን ፈነከታቸው። ሁለቱም ታሰሩ፤ እናታችን ሁለት ቀን ጣቢያ አድረው ሲፈቱ የጠየቁት መጀመሪያ ነገር "ዱላዬስ?" የሚል ነበር። ይህን ለውዳሴ አንለውም፤ የሆነው ግን ይህ ነው።

አቶ ታዲዎስ በ2003 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ፣ የካዛንቺሱ ሰፈር ሲነሣ ወይዘሮ ጀማነሽ ቂርቆስ ወደ ልጃቸው ዳናይት ቤት ገቡ። ባለፈው ዓመት ዓይናቸው ቢጫ ሆነ፤ ሐኪሞቹም ለብዙ ዘመን ሳይታወቅ የቆየ የጉበት ቫይረስ መሆኑን ነገሯቸው። ወሬው ሲሰማ ለወፍ በሽታ የሚሆን ቅጠል በየፌስታሉ ጎረፈ። ከመርሐቤቴ ድረስ ይዘው ለመጡት ለእኅታቸው ልጅ "ያመጣሽበትን ፍቅር ተቀብያለሁ፤ ቅጠሉን ግን ይዘሽልኝ ሂጂ" አሏቸው። ስቃዩ ሲበረታ አስታማሚዎቻቸውን ይገፉ፣ የተተከለላቸውን መርፌ ይነቅሉ ነበር። ሲረጋጉ የሁሉንም እጅ ይስማሉ። ወይዘሮ ጀሚላም ከአጠገባቸው አልተለዩም።

ወይዘሮ ጀማነሽ ወዳጆ በተወለዱ በሰባ አራት ዓመታቸው፣ ኅዳር 20 ቀን 2018 ዓ.ም. ረፋዱ ላይ በልጃቸው ቤት ዐረፉ። የሁለት ልጆች እናትና የአምስት ልጆች አያት ነበሩ። ገፍተው፣ ጎትተው፣ ሰድበው ያዳኗቸውን ግን ስማቸውን ስለማናውቅ እዚህ ልንዘረዝር አልቻልንም።

ቁጣቸውን የሚያውቅ አምላክ ከቁጣው ሥር የነበረውን ሐዘንም ያውቀዋልና፣ ቁጡዋን እናታችንን በእርጋታ ይቀበልልን፤ ለእኛም መጽናናትን ይስጠን። አሜን።