በጨዋታ ሰዓት ስለሚቀበሩት ስለ አቶ ኤልዊን ፕሮበርት የወጣ የሀዘን መግለጫ

ከናንትዊን ራግቢ ክለብ ደጋፊዎች ማህበር
ለአባላት፣ ለቀድሞ ተጫዋቾችና ለሸለቆው ነዋሪ በሙሉ፤

ማህበራችን የአንጋፋ አባሉን የአቶ ኤልዊን ፕሮበርትን ሞት የሚያረዳችሁ ልቡ ተሰብሮ ነው። ልባችን ከዚያ በፊትም ደህና አልነበረም፤ ይሄ ግን የባሰ ነው። አቶ ኤልዊን ያረፉት ባለፈው ቅዳሜ በክለቡ አዳራሽ፣ ብሔራዊ ቡድናችን ዌልስ ሲጫወት በቴሌቪዥን እያዩ ነው። ውጤቱን እዚህ አንጽፍም።

ብዙ ሰው ስለጠየቀን አሟሟታቸውን በግልጽ እንናገራለን። ከእረፍት በኋላ አቶ ኤልዊን አንገታቸውን ደፍተው፣ ኮፍያቸው ፊታቸው ላይ ወርዶ፣ ዝም ብለው ተቀምጠው ነበር። ማንም አልደነገጠም። አዳራሹ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ እንደዚያው ነበር የተቀመጠው። የአውቶቡሳችን ሹፌር ዴንዚል እንዲያውም፣ "አይዞዎት ጋሽ ኤልዊን፣ ሃያ ደቂቃ ነው የቀረው" ብሎ ትከሻቸውን መታ መታ አድርጎ አልፏል። ያወቅነው ጨዋታው አልቆ ሁላችንም ቀና ስንል እሳቸው ቀና ሳይሉ ሲቀሩ ነው። ሐኪሙ ቀድመን ብናውቅም የምናደርገው ነገር እንዳልነበረ ነግሮናል። ቢሆንም ማህበሩ በሙሉ ባለቤታቸውን ወ/ሮ ኔስታን ይቅርታ ይጠይቃል። ሰው መሞቱና የዌልስ ደጋፊ መሆኑ የማይለይበት ጊዜ ላይ ደርሰናል።

አቶ ኤልዊን በወጣትነታቸው የከሰል ጉድጓድ ሠራተኛ ነበሩ፤ ለክለባችንም ተጫውተዋል። ካበረከቱት የሚከተለውን እናስታውሳለን።

እ.ኤ.አ. በ1971፦ ወደ ካርዲፍ ስታዲየም በሚሄደው አውቶቡሳችን ላይ መዝሙር የማስጀመር ኃላፊነት ተረከቡ። የሚጀምሩት ከመንደሩ መውጫ ድልድዩ ላይ ስንደርስ ነው፤ ከድልድዩ በፊት አፉን የከፈተ ይቆጡታል። ያን ጊዜ በመንገድ ላይ የምንከራከረው በስንት እንደምናሸንፍ ነበር።

በ1985፦ ጉድጓዱ ተዘጋ። ብዙ ሰው ሸለቆውን ጥሎ ሄደ። እሳቸው ቀሩና ሜዳውን መንከባከብ ያዙ።

በ2003፦ የድሮዎቹ ክለቦች ተቀላቅለው የክልል ቡድን ሲመሠረት ስብሰባ ላይ ተነስተው፣ "ሰው የሚደግፈው የጎረቤቱን ልጅ ነው። ልጁን ወስዳችሁ፣ ስሙን ቀይራችሁ፣ አጨብጭቡ ትሉናላችሁ!" አሉ። ተጨበጨበላቸው። የተለወጠ ነገር ግን የለም።

ስለ ብሔራዊ ቡድኑ ያላቸውን አቋም አባላት በቃላችሁ ታውቁታላችሁ። ይዞ መሮጥ ሲቻል ኳሱን እየለጉ ለባላጋራ መስጠት ያበሽቃቸው ነበር። "የተዋሱት ዕቃ ይመስል ይመልሱላቸዋል!" ይሉ ነበር። አሰልጣኝ መቀያየሩንም ጣሪያ እያፈሰሰ ምንጣፍ መቀየር ነው ይሉታል። ችግሩ ከታች ነው፣ ከልጆቹ ነው ብለው ነበር። ልክ ነበሩ። ልክ መሆናቸው ግን ምንም አልጠቀመንም።

ባለፈው መስከረም፦ የወጣቶች ቡድናችን አሥራ አምስት ልጅ ማሟላት አቅቶት ተበተነ። የኮሚቴ አባላት ልጆች ሳይቀሩ ወደ እግር ኳስ ሄደዋል። ለምነናል፣ ተቆጥተናል፣ ጫማ ገዝተናል፤ አልሆነም። አቶ ኤልዊን ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት የሜዳውን ነጭ መስመር ማስመር አልተዉም። "ለማን ነው ጋሼ?" ሲባሉ፣ "ቢመጡስ? መስመር የለም ብለው ይመለሱ?" ይላሉ። በሞቱበት ቀን ጠዋትም አስምረዋል።

አሁን ወደ ቀብሩ። በሸለቆአችን ልማድ ዌልስ በሚጫወትበት ሰዓት ሰው አይቀበርም። ሟች እስከ ሰኞ ይቆያል፤ ተቀይሞ የሚያውቅ ሟችም የለም። ወ/ሮ ኔስታ ግን የመጪውን ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት መረጡ። ፓስተሩ፣ "ወይዘሮ ኔስታ፣ እሱ እኮ የጨዋታው ሰዓት ነው" ቢሏቸው፣ "አውቃለሁ። አንዷ ጨዋታ እንኳን ሳያያት ትለፈው" አሉ።

ማህበሩ ማክሰኞ አስቸኳይ ስብሰባ ጠርቶ ተቃውሞ ያለው ካለ ጠየቀ። ድሮ ቢሆን ወንበር ይወረወር ነበር። ዴንዚል፣ "ምን ተቃውሞ አለ? ላለማየት ሰበብ ስንፈልግ አይደል እንዴ የከረምነው!" አለ። ተሳቀ። ከዚያ ሳቁ ቆመና ማንም ማንንም ማየት አልፈለገም። አንድ እጅ አልወጣም። ከቅዳሜው ሽንፈት ይልቅ ያ ዝምታ ነው ያስፈራን።

ወ/ሮ ኔስታ የጠየቁን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የድልድዩ መዝሙር መቃብሩ ላይ ይዘመርላቸው። የጨነቀን እዚህ ላይ ነው። አውቶቡሱ ውስጥ አብረን ከዘመርን ሁለት ዓመት አልፎናል። እሳቸው ድልድዩ ላይ ይጀምራሉ፣ ብቻቸውን ሁለት ስንኝ ይላሉ፣ ከዚያ በመስኮት ወደ ውጭ ያያሉ። እኛ ስልካችንን እናያለን። ዛሬ የሚያስጀምር የለንም። ቀጭኑን ድምፅ የሚይዝ አላገኘንም፤ ወፍራም ድምፅ ያላቸውም ግማሾቹ ጉንፋን ይዟቸዋል። የተከፈተ መቃብር አፍ ላይ ቆመን ዝም እንዳንል ፈርተናል።

ስለዚህ፦

አውቶቡሱ ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ከክለቡ ደጅ ይነሳል። ካርዲፍ አይሄድም። ጸሎት ቤቱ ከድልድዩ ማዶ ስለሆነ፣ ዴንዚል ድልድዩ ላይ ቆሞ ሞተሩን ያጠፋል። ማንም ይሁን ማን ይጀምር፤ ድምፁ ቢያስጠላም ይጀምር። እዚያ ካልወጣልን መቃብሩ ላይ አይወጣልንም።

ጥቁር አትልበሱ። ወ/ሮ ኔስታ፣ "ሃያ ዓመት ሙሉ ሀዘን ላይ ነበር፤ በቀይ ሸኙልኝ" ብለዋል። ቀዩ የዌልስ ማልያ የጠበበው ኮት ይደርብበት።

የመቃብሩ ቁልቁለት ያንሸራትታል። ልጆቻችሁን እጃቸውን ይዛችሁ አምጡ። የእግር ኳስ ልምምድ ያላቸውም ለአንድ ቀን ይቅርባቸው፣ እባካችሁ። እሳቸው ያሰመሩት የሜዳው መስመር ሳይጠፋ ይዩት።

ለወ/ሮ ኔስታ፣ ለቤተሰቡና አብረዋቸው የከሰል ጉድጓድ ለወረዱ ሁሉ መጽናናትን እንለምናለን። እኛንም የሚያጽናና ቢገኝ አንጠላም።

በመጨረሻ፣ በቀብሩ መሃል ውጤቱን የሰማ ሰው ካለ አፈሩ እስኪመለስ ዝም ይበል። ተሸንፈን ከሆነ አቶ ኤልዊን ሳይሰሙት ይረፉ። አሸንፈን ከሆነ ደግሞ አጥብቆ ዝም ይበል፤ ሰዓቱን የመረጡት ወ/ሮ ኔስታ ናቸው፣ እንዳይቆጫቸው።

ኢድሪስ ቤይነን
የማህበሩ ጸሐፊ