በግራ እጅ የታሰረ ገመድ

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፤

እንደምን ሰነበቱልኝ አባባ? እግርዎ እስከ በሩ ድረስ መራመድ ጀመረ ወይ? ምግብስ ይስማማዎታል? የእማማ ወገብ ተሻላት? ታናሽ እህቴና ልጇ ደህና ናቸው? እኔ ጉልበቴ ላይ ከደረቀው ጭቃና ከእናንተ ናፍቆት በስተቀር ምንም አልሆንኩም።

የእህቴ ደብዳቤ ደርሶኛል። ግራ ጎንዎ አልታዘዝ ካለዎት ወዲህ ከመስኮቱ ሥር ካለው ወንበር አልነሳም እንዳሉ፣ «የኔ እጅ አልቆለታል» እንደሚሉ፣ ሐኪሟ በግራው ፋንታ ቀኝ እጅዎን እንዲያለማምዱበት የሰጠችዎን የጎማ ኳስ አልጋ ሥር እንደወረወሩት ነግራኛለች። በኳሱ ግን አልፈርድብዎትም፤ ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ሸራ ሲወጥር ለኖረ ሰው የልጅ መጫወቻ ይሰጣል? ዛሬ የምጽፍልዎት በዚሁ በእጅዎ ጉዳይ ነውና ትንሽ ይታገሱኝ።

ሥራዬን ያውቁታል፤ «ሰው ደህና ቤቱን ትቶ ጫካ ማደርን ለመማር ትምህርት ቤት ይገባል እንዴ?» ብለው የሳቁበት ነው። እሳት ማንደድ፣ ቢላ አያያዝ፣ ሸራ ወጥሮ ከዝናብ መጠለል እናስተምራለን። በየዓመቱ ተማሪዎች ከመምጣታቸው በፊት ሠራተኛው ራሱ ሁለት ሳምንት ይሠለጥናል፤ አዲሱም ነባሩም እኩል ነው። አምስት ዓመት የሠራ ሰው እንኳ ቢላ ለሰው እንዴት እንደሚያቀብል እንደገና ይፈተናል። ተቀባዩ «ይዣለሁ» ሳይል ከለቀቀ ፈተናውን ወደቀ ማለት ነው። አለቃችን እንዲህ ያለች ሴት ናት፤ በሌለችበት «ጥንቅቅ» እንላታለን።

ዘንድሮ ለሰባቱ አዲሶች ሸራ ማሰርን እንዳስተምር እኔን መደበችኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! የእርስዎን ቋጠሮ፣ ያንን ጭነቱን ጥርቅም አድርጎ ይዞ በአንድ ሳብ የሚፈታውን፣ ቀኑን ሙሉ ሳስተምራቸው ዋልኩ። ከአዲሶቹ አንዱ ልብስ ሰፊ የነበረ ሰውዬ ነው። እጄን ትክ ብሎ ሲያይ ቆየና «እህቴ፣ በቀኝሽ ትጽፊያለሽ፤ ገመድ ሲሆን ምነው በግራሽ?» አለኝ። «ዝም ብለህ እሰር» አልኩት።

በማግስቱ ዝናቡ ወረደ። ውሃው ወደ ሰፈርንበት መግባት ሲጀምር ጥንቅቅ ሰባቱም ሸራዎች ቶሎ ተፈትተው ወደ ከፍታው እንዲወጡ አዘዘች። ነባሮቹ ሮጠው እንደለመዱት በቀኝ በኩል ያለውን ገመድ ሲስቡት ቋጠሮው ጭራሽ ከረረ። የሚሳበው ጫፍ በግራ በኩል ነበራ! በእኛ ዘንድ የሁሉም ሰው ቋጠሮ አንድ ዓይነት መሆን አለበት፤ ጣት በብርድ ደንዝዞም ቢሆን ማንም የማንንም እንዲፈታ ነው። እኔ ያሰርኩትን ሁልጊዜ ራሴ ስለምፈታ እስከዚያ ቀን ማንም ልብ ብሎት አያውቅም፣ እኔም ጭምር። ጥንቅቅ እንኳ በየፈተናው ጥብቀቱን እንጂ ጎኑን አላየችውም። ስንታገል ብርድ ልብሱ ሁሉ ራሰ። «ይህን ማን አስተማራችሁ?» ስትል ሰባት ጣት ወደ እኔ ዞረ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ነባር ተብዬ የገባሁት ሴትዮ ከአዲሶቹ ጋር ተቀምጬ ሦስት ቀን በቀኝ እጅ ማሰር ተማርኩ። ብዕር የሚይዘው፣ የሚያጎርሰኝ ቀኝ እጄ ገመድ ሲያይ እንግዳ ሆነ፤ አውራ ጣቴ መግቢያው ጠፋው። ሰባት ጊዜ ተበላሸብኝ። ልብስ ሰፊው ሆዬ ከጎኔ ሆኖ ይስቃል።

ታዲያ በዚህ መሃል እርስዎ ትዝ አሉኝ። ስድስት ዓመቴ ነበር። መኪናው ጭነት ላይ አውጥተው ከጎንዎ አስቀመጡኝ። ሸራው ፀሐይ ሞቆት አቧራ አቧራ ይሸታል። ግራ እጅዎን በግራ እጄ ላይ ጭነው «አዙሪ፣ አሾልኪ፣ ሳቢ» ይሉኛል። ግራኝ እርስዎ እንጂ እኔ እንዳልሆንኩ ሁለታችንም አላሰብነውም። ታስሮ ሲያልቅ ገመዱን በጣትዎ መታ አድርገው ጆሮዬን ያስጠጉኝና «ከዘፈነ አይወድቅም» ይሉኝ ነበር። የመዳፍዎ ሻካራነት እስካሁን ከእጄ ጀርባ ላይ አለ። በቀኜ ማሰር ስለምድ ያንን እጅ የለቀቅኩት መሰለኝና አለቀስኩ፤ አልደብቅዎትም። ጥንቅቅ ምን ሆንሽ አለችኝ፣ ነገርኳት። «ለትምህርት ቤቱ በቀኝሽ እሰሪ። የራስሽን ሸራ ግን በፈለግሽው እጅ እሰሪ፤ የምትፈቺው አንቺው ነሽ» አለችኝ። ከእሷ አፍ ይህ ብዙ ነው።

በስምንተኛው ጊዜ ተሳካልኝ። መታ ባደርገው ዘፈነ።

ስለዚህ አባባ፣ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ሁለት ክንድ ገመድና ራሴ የጠረብኩትን አጭር እንጨት ልኬልዎታለሁ። እንጨቱን በወንበሩ መደገፊያ መሃል ይሰኩትና ገመዱን በቀኝ እጅዎ ይቋጥሩበት። ሁለተኛ እጅ ካስፈለገ ጥርስዎ አለ፤ ድሮስ እማማ እየተቆጣችዎት በጥርስዎ አልነበር የሚያጠብቁት? መጀመሪያ ይበላሻል፤ እንደኔው ሰባት ጊዜ ተፈቅዶልዎታል። ከዘፈነ ከነእንጨቱ ይላኩልኝ። ባይዘፍንም ይላኩልኝ። በአንድ ሳብ እንደሚፈታ አውቃለሁ፤ አልፈታውም።

እማማን ጉንጮቿን ይሳሙልኝ፤ አሳዝነዋት ቋጠሮውን እንዳትጨርስልዎት አደራ። እህቴን «ናፍቀሽኛል ብላሻለች» ይበሉልኝ፤ ኳሱንም ከአልጋ ሥር አውጥታ ለልጇ ትስጠው። አብሮዎት ሸራ ይወጥር የነበረው የድሮው ረዳትዎ ሰላምታዬ ይድረሰው፤ መጥቶ ገመዱን መታ ያድርግና ይፍረድ። ለግራ እጅዎም ሰላም ይበሉልኝ። የእኔን ሸራ ዛሬም የምታስረው እሷ ናት።

ልጅዎ

ከጫካው ትምህርት ቤት፣ ከገመድ ማስቀመጫው ክፍል
ሥልጠናው ባለቀ ማግስት፣ እሑድ ከቀትር በኋላ